ከቨርጂኒያ ወደ ሜሪላንድ ከነመኪናችሁ ስትገቡ

ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ ሲልቨር ስፕሪንግ የገባ ሰው፣ ትራፊክ ከሌለ የነዳው ግማሽ ሰዓት ነው። እንጀራ የሚገዛበት ሱቅ ያው ነው። ቤተ ክርስቲያኑም፣ ሥራውም አልተቀየሩም። ስለዚህ መኪናው ትዝ አይለውም። የቨርጂኒያ ታርጋውን እንደለጠፈ ወር ሁለት ወር ይነዳል፤ ዓመት የሚነዳም አለ።

በሕጉ ዓይን ግን ሌላ ስቴት ገብቷል። ሜሪላንድ ለአዲስ ነዋሪ የምትሰጠው 60 ቀን ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ መኪናውን በስቴቱ ማስመዝገብ፣ መንጃ ፈቃዱንም መቀየር አለበት።

እኔ ይህን ድንበር ከነመኪናዬ ሁለት ጊዜ ተሻግሬዋለሁ፣ አንዴ ወደ ቨርጂኒያ፣ አንዴ ወደ ሜሪላንድ። በመጀመሪያው ጉዞ ገንዘብ ያስወጣኝ የመንግሥት ክፍያው አልነበረም። ሥራውን ከኋላ ስለጀመርኩት ነው። ቅደም ተከተሉን ከያዛችሁ ሁለት ሳምንት የማይፈጅ ነገር ነው። ከተምታታባችሁ ግን ቅጣት የያዘ ደብዳቤ ይመጣል።

መጀመሪያ ስሞቹን እንለይ። እኛ ዲሲን፣ ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን ባንድ ላይ ዲኤምቪ እንላቸዋለን። የቨርጂኒያም የዲሲም የመኪና መሥሪያ ቤት ስሙ ዲኤምቪ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ግን ኤምቪኤ ይባላል። ኢንተርኔት ላይ «ሜሪላንድ ዲኤምቪ» ብላችሁ ስትፈልጉ መሥሪያ ቤቱን የሚመስሉ የደላላ ገጾች ሊመጡባችሁ ይችላሉ። ትክክለኛው የመንግሥት ገጽ ነጥብ ጎቭ ብሎ የሚያልቀው ነው።

ሊብሬው ለሁለት ተከፍሏል

አገር ቤት ሊብሬ ካለ ሁሉም አለ። የማን መኪና እንደሆነ ይናገራል፣ የታርጋ ቁጥሩም፣ የሻንሲ ቁጥሩም እዚያው ላይ ነው። አሜሪካ ነገሩን ለሁለት ከፍላዋለች። ታይትል መኪናው የማን እንደሆነ የሚያረጋግጠው ወረቀት ነው። ሬጅስትሬሽን ደግሞ መኪናው መንገድ ላይ እንዲወጣ የተፈቀደበት ነው፤ ታርጋውም የሚመጣው ከእሱ ጋር ነው። ሬጅስትሬሽን በየጊዜው ይታደሳል። ታይትል ባለቤቱ ወይም ስቴቱ እስኪቀየር ድረስ ያው ነው።

ሬጅስትሬሽኑ መኪና ውስጥ ይቀመጥ። ታይትሉ ግን ቤት ይሁን። መኪናው ከነታይትሉ የተሰረቀ ሰው፣ ለሌባው ሊብሬውንም አብሮ ሰጠው ማለት ነው።

አንደኛ፦ ታይትሉ የት ነው? በማን ስም ነው?

መኪናው ዕዳ ከሌለበት ታይትሉ መሳቢያችሁ ውስጥ ነው፤ አውጡት። ዕዳ ካለበት ቨርጂኒያ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ወረቀት የለም። ታይትሉ በኤሌክትሮኒክ መዝገብ ላይ ነው፣ የባንኩ ስምም እዚያ ሰፍሯል። በዚህ ጊዜ የመጀመሪያ ሥራችሁ ባንኩ ጋ መደወል ነው። «ወደ ሜሪላንድ ተዛውሬያለሁ፣ መኪናዬን እዚያ ታይትል ላስወጣ ነው» በሏቸው። ምን እንደምትልኩ፣ እነሱ ለኤምቪኤ ምን እንደሚልኩ ይነግሯችኋል። ይህ ብቻውን ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ቤት በቀየራችሁ ሳምንት ደውሉ። ሊዝ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ ሊዝ የሰጣችሁ ድርጅት ስለሆነ የውክልና ወረቀት ከእሱ ያስፈልጋችኋል።

ከዚያ ስሙን ተመልከቱ። እዚህ ላይ የኛ ሰው ብዙ ይቸገራል። ፓስፖርቱ ላይ የአባት ስም መካከል ገብቶ የአያት ስም መጨረሻ ላይ ይሆናል። መንጃ ፈቃዱ ላይ አያት የለም፣ የአባት ስም መጨረሻ ላይ ነው። ታይትሉ ላይ ደግሞ ሻጩ በሰማው መንገድ የጻፈው ፊደል አለ። ተስፋዬ በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ታውቁታላችሁ። ኤምቪኤ መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ ግን አንድ ፊደል ከለየ ሌላ ሰው ነው ልትላችሁ ትችላለች። ስለዚህ መንጃ ፈቃዱን መጀመሪያ ቀይሩና ስሙ በፓስፖርታችሁ ወይም በግሪን ካርዳችሁ ልክ ይሁን። ታይትሉ ላይ ያለው ስም ከተለየ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያሳይ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።

ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መኪናም የራሱ ጣጣ አለው። በብዙ ስቴቶች በሁለቱ ስሞች መካከል ያለችው ቃል ትልቅ ትርጉም አላት። «እና» ከሆነ ሁለቱም ካልፈረሙ መኪናው አይሸጥም፣ አይዛወርም። «ወይም» ከሆነ አንዱ ይበቃል። አንዳችሁ አገር ቤት ለሦስት ወር ልትሄዱ ካሰባችሁ ይህን ከመሄዳችሁ በፊት እዩት።

ሁለተኛ፦ ኢንሹራንሱን ጨምሩ እንጂ አታጥፉ

ሜሪላንድ ታርጋ የምትሰጠው በሜሪላንድ ለመሥራት ፈቃድ ባለው ኩባንያ ኢንሹራንስ ለገባ መኪና ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሁለቱም ስቴቶች ውስጥ ስላሉ ብዙ ጊዜ ኩባንያ መቀየር አያስፈልግም። ደውላችሁ አዲሱን አድራሻ ትሰጣላችሁ፣ እነሱ አዲስ የሜሪላንድ ፖሊሲ፣ ማለትም የኢንሹራንስ ውል፣ ይጽፋሉ። የድሮውን ግን በዚያው ስልክ «አጥፉልኝ» አትበሉ። የቨርጂኒያ ታርጋ መኪናው ላይ እስካለ ድረስ ይቆይ። ለጥቂት ቀን ሁለት ትከፍሉ ይሆናል፤ ስታጠፉት ያልተጠቀማችሁበት ቀን ይታሰብላችኋል።

ሕጉ የሚያስገድደው ዝቅተኛው ሽፋን በሁለቱ ስቴቶች ይለያያል። ሜሪላንድ 30/60/15 ትላለች። በአደጋው ለተጎዳ አንድ ሰው 30,000 ዶላር፣ ለተጎዱት ሁሉ ባንድ ላይ 60,000፣ ለንብረት 15,000 ማለት ነው። ቨርጂኒያ ከጥር 2025 ጀምሮ 50/100/25 አድርጋዋለች። አገር ቤት ሦስተኛ ወገን የምንለው ይህ ነው፤ የሚከፍለው ለሌላው ሰው እንጂ ለእናንተ መኪና አይደለም። ሜሪላንድ በዚህ ላይ ኢንሹራንስ በሌለው ሰው ብትገጩ የሚሸፍን ክፍል ታስገባለች። ፒፕ የሚባልም አለ፤ ጥፋቱ የማንም ይሁን ለሕክምና ቢያንስ እስከ 2,500 ዶላር ይከፍላል።

ዝቅተኛውን ብቻ ገዝቶ መንዳት በእኔ አስተያየት ቁማር ነው። በ15,000 ዶላር የአዲስ ካምሪ ግማሹን ብትከፍሉ ነው። ሌላም ምክንያት አለ። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ሕግ፣ ለአደጋው ትንሽም ብትሆን ድርሻ ካላችሁ ከሌላው ሰው ኢንሹራንስ ምንም ላታገኙ ትችላላችሁ። እሱ 95 እጅ አጥፍቶ እናንተ 5 እጅ ብታጠፉ እንኳ የእሱ ኩባንያ አልከፍልም ማለት ይችላል። መኪናችሁ ገንዘብ የሚያወጣ ከሆነ የራሳችሁን መኪና የሚያሠራውን ሽፋን፣ ማለትም ኮሊዥን የሚሉትን፣ አትጣሉት። ዕዳ ካለበት ደግሞ ባንኩ ራሱ ያስገድዳችኋል።

ዋጋው ከጨመረ አትደንግጡ። ኢንሹራንስ የሚሰላው መኪናው ሌሊት በሚያድርበት ሰፈር ነው። አንድ ዚፕ ኮድ መሻገር ብቻ ወርሃዊ ክፍያውን ሊያንረው ይችላል። ብዙ ሰው «የአክስቴ ልጅ ውድብሪጅ ነው ያለው፣ በእሱ አድራሻ ይቆይ» የሚለው እዚህ ጋ ነው። አታድርጉት። አደጋ ሲደርስ የኩባንያው መርማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው መኪናው የት እንደሚያድር ነው። ሐሰት መሆኑ ከታወቀ ክሌይሙን፣ ማለትም የካሳ ጥያቄውን፣ ሊከለክላችሁ፣ ፖሊሲውንም ሊሰርዘው ይችላል። በወር 40 ዶላር ለማዳን ብሎ መኪና ማጣት ሒሳቡ አይሠራም።

ኡበር ወይም ሊፍት የምትሠሩ ከሆነ ለኤጀንቱ ተናገሩ። የግል ፖሊሲ አብዛኛውን ጊዜ አፑ በርቶ ሳለ ለሚደርስ አደጋ አይከፍልም። ለዚሁ ተብሎ የሚጨመር ሽፋን አለ፣ እሱን ጠይቁ። አዲስ ከአገር ቤት የመጣና የመንዳት ታሪክ እዚህ የሌለው ሰው፣ ኩባንያዎች ሁሉ ከገፉት ሜሪላንድ ኦቶ የሚባል ስቴቱ ያቋቋመው መድን አለ። ሌላ ቦታ ላጣ ሰው የተሠራ ነው። ርካሽ እንዳይመስላችሁ።

ሦስተኛ፦ ኢንስፔክሽን

በቨርጂኒያ በየዓመቱ 20 ዶላር ከፍላችሁ መስታወት ላይ የምታስለጥፏት ስቲከር፣ ማለትም የኛ ቦሎ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ዋጋ የላትም። ሜሪላንድ ያገለገለ መኪና ታይትል ሲወጣለት አንድ ጊዜ ብቻ ከባድ ምርመራ ታደርጋለች። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የሚባል ነገር የለም። በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ ብቻ አለ፣ ለእሱ ማሳሰቢያ በፖስታ ይመጣላችኋል።

ምርመራውን የሚሠሩት ፈቃድ ያላቸው ጋራዦች ናቸው። ዋጋውን ራሳቸው ስለሚወስኑ ሁለት ሦስት ቦታ ደውላችሁ ጠይቁ። ፍሬን፣ ጎማ፣ መሪ፣ መብራት፣ የፊት መስታወት፣ የጭስ ማውጫ ሁሉ ይታያል። የመስኮት ጥቁር ቀለምም ይለካል፤ ቢያንስ 35 በመቶ ብርሃን ማሳለፍ አለበት። ከሌላ ስቴት ጠቆር አስደርጋችሁ የመጣችሁ በዚህ ብቻ ትወድቃላችሁ።

የኔ ምክር፣ ከመሄዳችሁ በፊት የምታምኑት መካኒክ አንድ ጊዜ ይየው። የተቃጠለ አምፑል፣ የተቆረጠ የዋይፐር ጎማ፣ የተላጨ ጎማ ቀድማችሁ ለውጡ። ጋራዡ ምርመራውንም ጥገናውንም ራሱ የሚሠራ ከሆነ የጥፋቱ ዝርዝር አንዳንዴ ይረዝማል። ከወደቃችሁ እዚያው የመጠገን ግዴታ የለባችሁም። ዝርዝሩን ተቀበሉ፣ የፈለጋችሁበት አስጠግኑ፣ በ30 ቀን ውስጥ ተመለሱ። ያኔ የሚታየው የወደቀው ብቻ ነው።

ያለፈ መኪና የሚያገኘው ሰርተፊኬት የሚያገለግለው 90 ቀን ነው።

አራተኛ፦ ኤምቪኤ

የምትይዙት ይህ ነው፦ የቨርጂኒያው ታይትል፣ ቪአር-005 የሚባለው የታይትል ማመልከቻ ተሞልቶ፣ የኢንስፔክሽን ሰርተፊኬት፣ የኢንሹራንሱ ኩባንያ ስምና የፖሊሲ ቁጥር፣ መታወቂያ፣ አዲሱን አድራሻ የሚያሳይ ወረቀት። ዕዳ ካለ የባንኩ ሰነድ ይጨመራል። ለመኪናው የከፈላችሁት ታክስ የሚታይበት የግዢ ወረቀት ካላችሁ እሱንም ያዙ።

ቀጠሮ በኢንተርኔት ይያዛል። ቀጠሮ የራቀባችሁ ወይም እንግሊዝኛው የሚያስቸግራችሁ «ታግ ኤንድ ታይትል» የሚል ጽሑፍ የለጠፉ ፈቃድ ያላቸው ቢሮዎች ጋ መሄድ ትችላላችሁ። ለአገልግሎቱ ተጨማሪ ያስከፍላሉ። እኔ በሁለተኛው ጊዜ በእነሱ በኩል ነው የጨረስኩት። ግን የአገልግሎታቸውን ዋጋ ከመንግሥቱ ክፍያ ለይተው እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ታክሱ። 60 ቀኑ ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ጋ ነው። ሜሪላንድ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ታይትል ላይ የምታስከፍለው ታክስ 6.5 በመቶ ነው። ቨርጂኒያ ስትገዙ የከፈላችሁት 4.15 በመቶ ነበር። በ60 ቀን ውስጥ ከመጣችሁ ሜሪላንድ የከፈላችሁትን ታስብላችሁና ልዩነቱን ብቻ ትቀበላለች። 10,000 ዶላር ለሚገመት መኪና 235 ዶላር ማለት ነው። 60 ቀኑ ካለፈ ያ ቅናሽ ይቀራል፤ ሙሉው 650 ዶላር ይመጣል። የመጣችሁበት ስቴት ታክስ ከሜሪላንድ እኩል ወይም በላይ ከሆነ ዝቅተኛው 100 ዶላር ይበቃል።

የታይትልና የታርጋ ክፍያው ለብቻው ነው። በቅርቡ ስለጨመረ ጓደኛችሁ አምና ከፈልኩ ያላችሁን አትመኑ፤ የኤምቪኤን ገጽ እዩ።

አምስተኛ፦ የድሮው ታርጋ፣ ከዚያ የድሮው ኢንሹራንስ

አዲሱን ታርጋ ግጠሙ። ሜሪላንድ ከፊትም ከኋላም ነው። የድሮውን ፍቱ። ለቨርጂኒያ ዲኤምቪ መልሱት፣ ወይም በድረ ገጹ ገብታችሁ ከአገልግሎት ውጪ እንዲሆን አድርጉና ማረጋገጫውን አስቀምጡ። ሬጅስትሬሽኑ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ከቀረው ቨርጂኒያ ተመላሽ ትሰጣለች፣ ጠይቁ። ኢንሹራንሱን የምታጠፉት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ ያጠፋሁት ይህን ነበር። ያኔ ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያ ነበር የምሄደው። አዲስ ኢንሹራንስ ስላለኝ የድሮውን አጥፍቼ፣ የሜሪላንዱን ታርጋ ጋራዥ ውስጥ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ኩባንያው ፖሊሲው መቋረጡን ለስቴቱ ያሳውቃል፤ ታርጋው ግን በመዝገቡ ላይ ገና በሥራ ላይ ነው። ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ሆኖ ተቆጠረ። ሜሪላንድ ከመጀመሪያው ወር ቅጣት በኋላ በየቀኑ 7 ዶላር ትቆጥራለች። ደብዳቤው ደግሞ የሄደው ወደ ድሮው ቤቴ ነው። እኔ ጋ እስኪደርስ ቁጥሩ አድጎ ነበር።

ለካውንቲውም ንገሩ። ቨርጂኒያ ውስጥ ካውንቲዎችና ከተሞች በመኪና ላይ በየዓመቱ የንብረት ታክስ ያስከፍላሉ። ፌርፋክስ፣ አርሊንግተንና አሌክሳንድሪያ የኖራችሁበትን ወር ቆጥረው ያስተካክላሉ፤ መውጣታችሁን ግን ማወቅ አለባቸው። ካልነገራችኋቸው የክፍያ ደብዳቤው መምጣቱን አያቆምም። ሜሪላንድ እንዲህ ያለ ታክስ በግል መኪና ላይ የላትም። የኢንሹራንሱ ጭማሪ ያናደዳችሁ በዚህ ተጽናኑ።

ኢዚፓሳችሁ፣ ማለትም የመንገድ ክፍያ የምትከፍሉበት አካውንት፣ ላይም አዲሱን የታርጋ ቁጥር አስገቡ። መሣሪያው ሳይነበብ ሲቀር ካሜራው የሚያነበው ታርጋውን ነው። አካውንቱ ላይ ከሌለ ሒሳቡ ከነቅጣቱ ይመጣል።

ከድንበር ማዶ መኪና ስትገዙ

ሰፈራችሁን ሳትቀይሩ መኪና ብቻ ከቨርጂኒያ ከግለሰብ የምትገዙ ከሆነ ጥቂት ነገር ተጠንቀቁ። ታይትሉ ላይ ያለው ስምና የሻጩ መታወቂያ አንድ መሆን አለበት። «የጓደኛዬ ነው፣ እኔ ነኝ የምሸጥለት» የሚል ሰው ጋ አትቆዩ። ታይትሉ ላይ ስርዝ ድልዝ ወይም በነጭ ቀለም የተጠፋ ነገር ካለ አይቀበሏችሁም። 2011 እና ከዚያ ወዲህ የተሠራ መኪና ከሆነ ኪሎሜትሩን፣ እዚህ ማይሉን፣ ሻጩ ጽፎ መፈረም አለበት።

የሻንሲ ቁጥሩን፣ ቪን የሚሉትን፣ ከመኪናው ላይ አንብባችሁ ከታይትሉ ጋር አስተያዩ። 17 ፊደልና ቁጥር ነው። ኤንአይሲቢ የሚባለው የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ድርጅት መኪናው የተሰረቀ ወይም ከጥቅም ውጪ ተብሎ የተመዘገበ መሆኑን በነፃ ያሳያል። ከትልልቅ ጎርፎች በኋላ፣ ለምሳሌ በ2017 ሃርቪ ከተባለው አውሎ ነፋስ በኋላ፣ ውሃ የገባባቸው መኪናዎች ታጥበው ወደ ሌላ ስቴት መሸጣቸው የታወቀ ነው። ምንጣፉን ገልጣችሁ አሽትቱ።

ታርጋው ከሻጩ ጋር ነው የሚቀረው። ስለዚህ በምን እንደምትነዱት ሳታውቁ ገንዘብ አትክፈሉ። የቨርጂኒያ ዲኤምቪ ለጥቂት ቀን መንጃ የሚሆን ፈቃድ ይሰጣል። ኢንሹራንሱም ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊት ይግባ።

ሌላ አቅጣጫ ለምትሄዱ

ወደ ቨርጂኒያ የምትገቡ ለመኪናው ያላችሁ 30 ቀን ብቻ ነው። ድሮ 500 ዶላር ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይቻል ነበር፤ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ቀርቷል። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ የጭስ ምርመራም አለ።

ዲሲ ለአዲስ ነዋሪ ታክሱ ላይ ደግ ናት። በሌላ ስቴት በስማችሁ ታይትል የነበረው መኪና ከኤክሳይስ ታክስ፣ ማለትም ታይትል ሲወጣ ከሚከፈለው ታክስ፣ ነፃ ነው። ያልተከፈለ የፓርኪንግና የካሜራ ቲኬት ካላችሁ ግን መጀመሪያ እሱን ጨርሱ። የሜሪላንድ ታርጋ ይዞ ዲሲ መንገድ ላይ የሚያድር መኪናም በተቆጣጣሪዎች ይመዘገባል። ከ30 ቀን በላይ ደጋግመው ካዩት ማስጠንቀቂያ ይለጥፋሉ፣ ከዚያ ቲኬት ይከተላል። የሰፈር ፓርኪንግ ፈቃድ የሚሰጠውም በዲሲ ለተመዘገበ መኪና ነው።

ራቅ ብላችሁ የምትሄዱ ቀኑን ብቻ ልብ በሉ። አትላንታና ዳላስ 30 ቀን፣ ሲያትልም 30፣ ሚኒሶታ 60፣ ዴንቨር 90። ሎስ አንጀለስ 20 ቀን ብቻ ነው። ቴክሳስ አዲስ ነዋሪን 90 ዶላር ታስከፍላለች፤ ጆርጂያ ደግሞ የመኪናውን ግምት 3 በመቶ። የካሊፎርኒያ ነዋሪ ሆናችሁ ረከሰ ብላችሁ ከኔቫዳ 7,500 ማይል ያልሞላው መኪና ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ኮፈኑን ክፈቱና የጭስ ደረጃውን የሚናገረው ልጥፍ ላይ የካሊፎርኒያ ስም መኖሩን እዩ። ከሌለ አይመዘግቡላችሁም።